ለክረምት የምትቆም ቮልስ፦ የትኛው ልብስ፣ የትኛው የቤንዚን ቱቦ?

ሰኔ ሲገባ ቮልሳቸውን እስከ መስከረም የሚያቆሙ ሰዎች የሚጠይቁኝ ሁሌ አንድ ነገር ነው፦ «የትኛውን የመኪና ልብስ ልግዛ?» መጀመሪያ የቤንዚን ቱቦውን ግዙ እላቸዋለሁ፤ ብዙም ደስ አይላቸውም። ልብስ ቀለም ያድናል፤ ቱቦ ግን መኪናዋን፣ አንዳንዴም ቤቱን ያድናል። የሚያንጠባጥብ ቱቦ ያላትን ቮልስ ማልበስ ደግሞ ሽታውን አፍኖ መደበቅ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ግቢው ውስጥ ከሰል የሚቀጣጠልበት ቤት ይህን አይርሳ።

ቮልስ ላይ ጉዳዩ ይብሳል። ሰልባትዮው (የቤንዚን ማጠራቀሚያው) ከፊት ኮፈኑ ስር፣ ሞተሩ ከኋላ ነው። ቤንዚኑ በወለሉ መሃል በሚያልፍ ቀጭን ቧንቧ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ጫፍና ጫፉን የሚያገናኙት አጫጭር የጎማ ቱቦዎች ናቸው። ሰልባትዮው ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ሞተሩ ጠፍቶም ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ቱቦው ከተሰነጠቀ፣ 40 ሊትር የሚይዘው ሰልባትዮ መኪናዋ እንደቆመች ሊራገፍ ይችላል።

ገበያ ላይ ሦስት ዓይነት ቱቦ ይገኛል። በጨርቅ የተሸፈነው የድሮው የጀርመን ዓይነት መልኩ ያምራል፤ ኦሪጅናል ወዳጆች ሌላ አይታያቸውም። ችግሩ ጎማው ሲሰነጠቅ ጨርቁ ይሸፍነዋል። ከራሴ ቮልስ ላይ አንዱን ስነቅል ከውጭ ደህና ይመስል ነበር፤ ጎንበስ ሳደርገው ግን እንደ ድርቆሽ ተፈረካከሰ። ውስጡን የሚያሳየው ላስቲክ ቱቦ ርካሽ ነው፤ በሞተር ሙቀት ግን ይደርቅና ከቧንቧው ይንሸራተታል። መንገድ ላይ ለተቸገረ ሰው ካልሆነ አልመክረውም። ሦስተኛው ጎኑ ላይ «30 አር 9» የሚል የታተመበት ጎማ ነው። የውስጥ ሽፋኑ ኢታኖል የተቀላቀለበትን ቤንዚን ጭምር ይችላል፣ ትነትም ብዙ አያሳልፍም። ዋጋው ይወደዳል፤ ግን ለአንድ ቮልስ የሚያስፈልገው ትንሽ ስለሆነ እኔ ሌላ አልገዛም። አሮጌውን ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቧንቧው ላይ ያለ ትግል የሚገባ ቱቦ ሰፊ ነውና ተዉት። ቱቦውን ቧንቧው ላይ የሚያስረው ፋሼታም ጠርዙ ለስላሳ የሆነው ይሻላል፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጎማውን ይበላዋል።

በፈረንጆቹ ከ1962 ሞዴል በፊት የተሠሩት ቮልሶች የቤንዚን ጌጅ አልነበራቸውም፤ በምትኩ በእግር አካባቢ ቤንዚኑን የሚከፍትና የሚዘጋ መዝጊያ ነበራቸው። ለሌሎቹ ከሰልባትዮው ስር ትንሽ የብረት መዝጊያ ማስገባት ይቻላል። የፕላስቲኩን እለፉት።

ሞልቶ ማቆም ወይስ አራግፎ? ባዶ ሰልባትዮ ውስጥ የሌሊት ብርድ እርጥበት እያዘለ ላሜራውን ያዝገዋል። ስለዚህ ለሦስት ወር ሙሉው ይሻላል፤ ቱቦው አዲስ ከሆነ ብቻ። እስከ አፉ ግን አይሞላ። ከ1968 ሞዴል በፊት መሙያው ኮፈኑ ውስጥ ነው፤ መኪናዋ ተዳፋት ላይ ከቆመች ባረጀ የክዳን ጎማ በኩል የሚወጣው ቤንዚን ቀለሙን ያበላሸዋል።

ወደ ልብሱ እንምጣ። ርካሹ ሰማያዊ የላስቲክ ሸራ ነው። አንድ ሐምሌ እሱን አልብሼ ነሐሴ ላይ ስገልጥ ኮፈኑ ላይ ሩዝ የሚያካክሉ ፊኛዎች አብጠው አገኘሁ። ዝናቡን ከልክሏል፤ ከመሬት የተነሳው እርጥበት ግን መውጫ አጥቶ ቀለሙ ላይ ተኝቶ ከርሟል። ንፋስ በመታው ቁጥር ደግሞ ፓራፋንጎውን ሲፈትግ ነው የሚውለው።

የጥጥ ልብስ ለቀለም የሚስማማው እሱ ነው፤ ግን ጣሪያ ስር ብቻ። ሜዳ ላይ ውሃ ጠጥቶ ለቀናት እርጥብ ጨርቅ እንደማልበስ ይሆናል። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሰው ለውድ ልብስ ገንዘቡን አያባክን፤ ጥጡ ይበቃዋል። ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ሜዳ ላይ ለሚያቆም ደግሞ ውሃ የሚመልስና የሚተነፍስ፣ ተደራራቢ፣ በሆድ በኩል የሚታሰር ልብስ ነው የሚሻለው። ለቮልስ ቅርጽ የተሰፋ ይሁን፤ ለሴዳን የተሠራው ይንዠረገግና ንፋስ ይጫወትበታል። በረዶ ሲጥል ትንሽ ይረዳል እንጂ ላሜራው እንዳይሰረጎድ ዋስትና አይሆንም።

የትኛውም ቢሆን ከላቫጆ በኋላ ደርቃ፣ ሰም ተቀብታ ትልበስ። አቧራ ላይ የተጣለ ልብስ ብርጭቆ ወረቀት ነው።

ሻጮች ሁሉንም «ይተነፍሳል» ስለሚሉ እኔ የምፈትነው በሻይ ነው። የሞቀ ሻይ ያለበትን ብርጭቆ በጨርቁ ከድኜ ሌላ ደረቅ ብርጭቆ እላዩ ላይ እደፋለሁ። ላይኛው ካላበው እንፋሎቱ አልፏል ማለት ነው። መርካቶ አንዱ ሻጭ ይህን ሳደርግ ሳቀብኝ፤ «መቶ በመቶ ይተነፍሳል» ያለኝ ጨርቅ ላይ ብርጭቆው ደርቆ ሲቀር ግን ለሌሎቹ መፈተኛ ሁለተኛውን ሻይ ያዘዘው ራሱ ነበር።