ባሕር ዳር ያለ አንድ የዓይን ክሊኒክ፦ ሐኪሟ አንደኛ ናት፣ አሠራሩ ግን ያናድዳል

የክሊኒኩን ስም አልጠራም፣ ወቀሳም ስላለኝ። ሕክምናው ግን እውነት ለመናገር ከጠበቅኩት በላይ ነው።

የሄድነው ለአጎቴ ነው። ቻግኒ አካባቢ ገበሬ ነው። አንድ ዓይኑን ጭጋግ ለበሰበት፣ ዝንብ የሚመስል ጥቁር ነገርም ፊቱ ላይ ይንሳፈፍበት ጀመር። አላመመውም፣ እምብዛም አልቀላም፣ ስለዚህ ችላ አለው። ጠበል ሞከረ። ከዚያ አንድ መድኃኒት ቤት ዓይኑን ማንም ሳያየው ፕሬድኒሶሎን (መቆጣትን የሚያበርድ ስቴሮይድ) ሸጡለት።

ሐኪሟ ወጣት ናት። መሣሪያ ከመንካቷ በፊት ጠየቀችው፦ ቤት ድመት አለ? ጥሬ ሥጋ ይበላሉ? («ታዲያ ለፋሲካ ቀቅዬ ልብላው?» አላት።) በለስ ወንዝ በኩል ኖረው ያውቃሉ? ሰውነትዎን ያሳክክዎታል? ጠበሉንም ሲነግራት አልተቆጣችም፣ አጎቴ በዚህ ወደዳት።

የወንዙ ጥያቄ ምን እንደሆነ በኋላ አስረዳችን። ፈጣን ወንዝ ዳር የምትራባ ትንሽ ጥቁር ዝንብ ስትነክስ የምታስተላልፈው ትል አለ፣ በሽታው ኦንኮሰርኪያሲስ ይባላል። የትሉ ጥቃቅን ልጆች ቆዳ ውስጥ እየተሰራጩ ያሳክካሉ፣ ዓይን ሲደርሱ ደግሞ ሬቲናን (ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን የጀርባ ሽፋን) እና የዓይን ነርቭን ሳይቀር ያበላሻሉ። በለስ ወንዝ ያለበት መተከል በዚህ በሽታ ከድሮ ጀምሮ ይታወቃል። አይቨርሜክቲን በየመንደሩ የሚታደለውም ለዚሁ ነው፣ ግን ኪኒኑ የጠፋ ብርሃን አይመልስም።

የአጎቴ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ጠብታ አድርጋ ብሌኑን አስፍታ የዓይኑን ጀርባ አየች፣ ፎቶም አነሳች። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረችው፣ ልቤን የወሰደችው እዚህ ላይ ነው። ጠርዙ የጠቆረ የድሮ ጠባሳ አለ፤ ከጎኑ ደግሞ ዳሩ የደበዘዘ አዲስ ነጭ ቁስል። ቶክሶፕላዝሞሲስ ነው አለች፣ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተህዋሲ የሚያመጣው በሽታ። ተህዋሲው ጠባሳው አጠገብ ተኝቶ ከርሞ ከዓመታት በኋላም ሊነሳ ይችላል፣ ሬቲና ደግሞ ሕመም የሚሰማው ነርቭ ስለሌለው ሰውዬው እይታው እስኪደበዝዝ ድረስ ምንም አይታወቀውም።

ፕሬድኒሶሎኑን ስታይ ግን ፊቷ ተለወጠ። ተህዋሲውን የሚይዝ መድኃኒት ሳይቀድመው ብቻውን ከተወሰደ የሰውነትን መከላከያ አዳክሞ ቁስሉ እንዲሰፋ መንገድ ይከፍታል። የሰልፋ አለርጂ እንዳለው ጠየቀችና ያዘዘችለት ሰልፋ ያለበትን ባክትሪምን ነው። አዎ፣ ያንኑ የትም የሚገኘውን ባክትሪም! ውድ መርፌ ጠብቀን ነበር።

አጎቴ «ኮሶ ነው እንዴ ዓይኔ የገባው?» አለ። አይደለም፤ የበሬው ኮሶ አንጀት ውስጥ ነው የሚቀረው። ቶክሶፕላዝማ ግን ሥጋው ውስጥ ቢኖርም በዓይን አይታይም፣ ስለዚህ «ሥጋው ንጹህ ነው» የሚለው አያዋጣም፣ በደንብ መብሰል አለበት። በድመት ዓይነ ምድር በተበከለ አፈር፣ ውሃና ያልታጠበ አትክልትም ይመጣል። ክትፎ ለብለብ ለምትሉ ይቅርታ፣ እሱም አልበሰለም።

አሁን ወደ ወቀሳው። ካርድ ክፍሉ ጉድ ነው። በጠዋት ከገጠር የመጣ ሽማግሌ ቆሞ ይጠብቃል፣ በትውውቅ የመጣው ሰተት ብሎ ይገባል፣ «ተራ» ሲሏት ደግሞ ካርድ የምታወጣው ልጅ ቀና ብላ እንኳ አታይም። ሁለተኛ፣ ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ለሰዓታት ቅርቡን እንደሚያደበዝዝና ፀሐይ እንደሚያስጠላ የነገረን የለም። ሰውዬው ከበሩ ሲወጣ የባሕር ዳር ፀሐይ ጠበቀችው፣ ባጃጅ እስክናገኝ ነጠላዬን ነው የተከናነበው።

ሌላው ላብራቶሪው። የቶክሶፕላዝማውን የደም ምርመራ ውጤት ወረቀት ላይ «ፖዘቲቭ» ብለው ጽፈው ያለ አንዲት ቃል ሰጡን፣ አክስቴ ወዲያው ማልቀስ ጀመረች። ያ ምርመራ የሚያሳየው ሰውየው አንድ ጊዜ በተህዋሲው መያዙን ነው፣ በአገራችን ደግሞ ብዙ አዋቂ ሰው ቢመረመር ይገኝበታል። ዓይን ላይ ያለውን የሚለየው የሐኪሙ ምርመራ ነው። ይህንን ለመናገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ለክትትል ስንመለስ ነጩ ቁስል ጠርቷል፣ ጭጋጉም ቀሏል። ጠባሳው ያረፈበት ቦታ ላይ ያለው ጥላ ግን ይቀራል፣ ሐኪሟ ከመጀመሪያውም አልደበቀችንም። እንደገና ሊነሳ ስለሚችልም ያ ዝንብ የሚመስለው ነገር ከተመለሰ ቀጠሮ ሳይጠብቅ እንዲመጣ ነግራዋለች።

ከፍኖተ ሰላምም ከደብረ ማርቆስም የምትመጡ በጠዋት ድረሱ፣ ጥቁር መነፅርና ደጋፊ ሰው ያዙ፣ መኪና ራሳችሁ እየነዳችሁ አትምጡ። የምትወስዱትን መድኃኒትም ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ፣ ትጠይቃችኋለች።