«በት» ወይስ «ኦልዞው»?

ሁለቱም የእንግሊዝኛ መስተጻምሮች ተቃርኖ ያሳያሉ፤ አሠራራቸው ግን ለየቅል ነው። «በት» (but፣ «ግን») እኩል ደረጃ ያላቸውን ሐሳቦች ከሚያገናኙት ከ7ቱ አቻ አያያዦች አንዱ ሲሆን ራሳቸውን የቻሉ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን መሃል ገብቶ ያገናኛል፦ «ኢት ሬይንድ፣ በት ዊ ዌንት አውት» (ዘነበ፣ ግን ወጣን)። «ኦልዞው» (although፣ «ምንም እንኳ») ደግሞ የሚከተለውን ሐረግ ጥገኛ ያደርገዋል፤ «ኦልዞው ኢት ሬይንድ» ብለው ቢያቆሙ ሰሚው ቀሪውን ይጠብቃል። በምትኩ ከነሐረጉ ከፊትም ከኋላም መግባት ይችላል፤ ከፊት ሲመጣ ሐረጉ በኮማ ይዘጋል።

እኛን ዘወትር የሚያሳስተን ሁለቱን መደረብ ነው። በአማርኛ «ምንም እንኳ ቢዘንብም ግን ወጣን» ስለምንል፣ «ኦልዞው ኢት ሬይንድ፣ በት ዊ ዌንት አውት» ብለን እንጽፋለን። እንግሊዝኛ የሚቀበለው አንዱን ብቻ ነው! ለጀማሪ «በት»ን እመርጣለሁ፤ ዋናውን ሐሳብ ከንዑሱ ለይቶ ማጉላት ሲያስፈልግ ግን «ኦልዞው» ይበልጣል።