«አፈሩ የት ሄደ?» ብለው ለጠየቁን ፎርማን

ይህን ጽሁፍ በመንገዳችን ስር ያለው የጎርፍ ቱቦ ጥገና ባለቀ ማግስት አልጻፍኩትም። ሆን ብዬ ነው የቆየሁት። አስፋልቱ ገና ሳይቀዘቅዝ ማመስገን ቀላል ነው። እኔ ግን ከባድ ዝናብ ሲመጣ ማየት ፈለግሁ። መጣ። ደጋግሞም መጣ። መንገዳችን ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ አሁን አፌን ሞልቼ አመሰግናለሁ።

ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ። ከበራችን ፊት ለፊት ባለው መንገድ ስር የጎርፍ መውረጃ ቱቦ አለ። በመንገዱ ዳርና ዳር ካሉት መግቢያዎች የዝናቡን ውሃ እየሰበሰበ ወደ ወንዝ ያወርዳል። 4 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ነው የተቀበረው። እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የተሸበሸበ ብረት ነው፤ ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር። ሰው ሊገባበት የሚችለው በእንብርክኩ ነው። ከተቀበረ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት መኖሩን ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ አስፋልቱ ትንሽ ጎደጎደ፤ የሳህን ያህል። አመለከትን። ሰዎች መጡ፣ ጠጠር ሞሉት፣ አስፋልት አለበሱትና ሄዱ። ከጥቂት ወራት በኋላ እዚያው ቦታ ሰመጠ። እንደገና ተሞላ። እንደገና ሰመጠ። በሦስተኛው ዙር የአንድ መኪና የፊት ጎማ ገባበት። ሹፌሩ ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔን ግን የዚያን ቀን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጆቻችን ጠዋትና ማታ የሚያልፉት በዚያ ነው።

ያን ሁሉ ጠጠር የሞሉት ሰዎች፣ ጠጠሩ የት እንደገባ አልጠየቁም። እውነቱን ለመናገር እኛም አልጠየቅንም። እንዲሞላ ብቻ ነበር የምንጮኸው።

ከዚያ በኋላ ነው እነዚህ ሰዎች የመጡት። ሰባት ናቸው። ፎርማኑ ጠና ያሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። ጉድጓዱን ዝም ብለው ብዙ አዩት። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው፣ «ሁለት ጊዜ ተሞልቷል አላችሁኝ። ታዲያ አፈሩ የት ሄደ?» አሉን።

መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም።

ቀጥሎ ያደረጉት ነገር እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ቁፋሮ አልጀመሩም። አንድ የብረት ዘንግ አንስተው አስፋልቱን እያንኳኩ ወደ መንገዱ መሃል ሄዱ። ደህናው ቦታ ላይ ድምፁ ጥብቅ ነው። ከጉድጓዱ አራት እርምጃ ያህል ርቀው ሲመቱ ግን እንደ ከበሮ ጮኸ። ቆሙ። መልሰው መቱት። አሁንም ባዶ ነው። ወዲያው መከለያውን እያነሱ ወደ ኋላ አራቁት፤ መንገዱንም ለመኪና ሙሉ በሙሉ ዘጉት። ጠዋት መኪናዬን አቁሜ የነበረው እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ነበር።

በማግስቱ ቱቦውን አጠቡት። በከፍተኛ ግፊት ውሃ የሚረጭ ማሽን አለ፤ ደለሉን እየገፋ ወደ ማንሆሉ ያመጣዋል፤ የቫኩም መኪናው ደግሞ ይመጠዋል። ከዚያ ባለ ጎማ ካሜራ በኬብል አስረው አስገቡ። ፎርማኑ የመኪናውን በር ከፍተው «ኑ እዩ፣ ቱቦው የእናንተ ነው» አሉን። ከጥጉ ቤት ያሉት እማማም ዱላቸውን ይዘው መጡ። ወንበር ተሰጣቸው፤ እስክሪኑ ፊት ተቀመጡ።

መጀመሪያ ላይ የቱቦው ጎንና ጣሪያ ነበር የሚታየው። ዝገት ይዞታል እንጂ አለ። ካሜራው ወደ ታች ሲያይ ግን ወለል የሚባል ነገር የለም። ብረቱ ተበልቶ አልቋል። ውሃው በባዶ አፈር ላይ ነው የሚሄደው። ፎርማኑ ምክንያቱን አስረዱን። ብረቱ ሲመረት ዝገት እንዳይነካው በዚንክ ይለበጣል። ጎርፍ ደግሞ ውሃ ብቻ አይደለም፤ አሸዋና ጠጠር እየጎተተ ይሄዳል። ያ አሸዋ ወለሉን እየፋቀ ዚንኩን ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ ዝገቱ ሥራውን ይሠራል። ጣሪያው ደህና ሆኖ ወለሉ የሚያልቀው ለዚህ ነው።

ካሜራው ትንሽ እንደሄደ አንድ መጋጠሚያ ላይ ደረሰ። ቱቦውና ቱቦው ተላቀዋል። በክፍተቱ በኩል አሸዋ ይወርዳል፤ ከተቀደደ ጆንያ እህል እንደሚንዶሎዶል ዓይነት። አይቆምም። እየወረደ ነው፣ እኛ እያየነው። እማማ አፋቸውን ይዘው፣ «ልጄ፣ ይሄ መንገዳችን ነው እንዴ የሚፈሰው?» አሉ። ፎርማኑም «አዎ እማማ፣ መንገዱ ነው» አሏቸው።

ጉድጓዱ በሽታው አልነበረም። ዝናብ በዘነበ ቁጥር በቱቦው ዙሪያ ያለው አፈር በክፍተቶቹ እየገባ ወደ ወንዝ ይሄዳል። ከላይ የተሞላው ጠጠርም ተከትሎት ወረደ። ሌላ መቶ መኪና ጠጠር ቢመጣም ያው ነበር።

ስለ ጥገናው ሲያወሩን አማራጮቹን አልደበቁም። አንደኛው ቆፍሮ አውጥቶ በአዲስ መተካት ነው። ግን ከላዩ የመጠጥ ውሃ መስመርና የመብራት ኬብል አልፈውበታል። ሁለተኛው ጠበብ ያለ የፕላስቲክ ቱቦ በአሮጌው ውስጥ ገፍቶ አስገብቶ፣ በመሃል ያለውን ክፍተት በሲሚንቶ መሙላት ነው። ሦስተኛው ገበር ማልበስ ነው። ልክ የኮት ገበር እንደምንለው። የመረጡልን ይህንን ነው።

አዲስ የመጣ ሙከራ እንዳይመስላችሁ። ኤሪክ ውድ የሚባል እንግሊዛዊ ኢንጂነር ለንደን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራበት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ነው።

ገበሩ ከመግባቱ በፊት ግን ሌላ ሥራ ነበር። ወለሉን በኮንክሪት መመለስና ከቱቦው ውጪ ያለውን ባዶ ቦታ መሙላት ያስፈልጋል። ለዚያ ሰው ይገባል። እዚህ ላይ ነው ለፎርማኑ ያለኝ አክብሮት እጥፍ የሆነው።

ሰው ከመግባቱ በፊት አንዲት ትንሽ ማሽን በገመድ ወደ ማንሆሉ ያወርዳሉ። ኦክስጅን፣ ተቀጣጣይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ትለካለች። ደህና አየር ላይ ኦክስጅኑ 20.9 በመቶ ነው። ከ19.5 በታች ከሆነ ማንም አይገባም። አንድ ቀን ከሠራተኞቹ በዕድሜ ትንሹ የሆነው ልጅ መፍቻው ወደ ታች ወደቀበት። ከላይ ይታያል። «ጋሼ፣ አንድ ደቂቃ ነው፣ ላንሳውና ልውጣ» ብሎ መሰላሉን ያዘ። ፎርማኑ ክንዱን ያዙት። «ማሽኗ ሳትናገር አትገባም። ውስጥ አንድ ሰው ከወደቀ ሊያወጣው የሚገባውም እዚያው ይቀራል። መፍቻ ይገዛል» አሉት። ልጁ ወረደ፤ ግን ከልኬቱ በኋላ፣ ቀበቶና ገመድ ታስሮ። ከላይ የሚጠብቀው ሰው ሲደወልለት እንኳ ስልኩን አላነሳም። ዓይኑን ከማንሆሉ አልነቀለም።

ወለሉ በኮንክሪት ተመለሰ። ከቱቦው ጎን ቀዳዳ እየከፈቱ ቀጠን ያለ የሲሚንቶ ቦያካ ወደ ውጪ ረጩ። ባዶው ቦታ ከጠበቁት በላይ ወሰደ። ይህንንም አልደበቁንም።

ገበሩ ሊገባ የታሰበበት ቀን ደመና ነበር፤ ዝናብ ግን አልጀመረም። ፎርማኑ ሥራውን አስቀሩት። እኔም ተናድጄ ሄጄ ጠየቅኳቸው፤ መንገዱ ከተዘጋ ሰንብቷል። «ገበሩ ሳይደርቅ ጎርፍ ከመጣበት ሁሉ ነገር ይበላሻል። ሁለት ደረቅ ቀን ስጡኝ» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወረደ። ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ፣ እዚህም ደግሜ እጠይቃለሁ።

ሰማዩ ሲጠራ በማቀዝቀዣ መኪና አንድ ትልቅ ጥቅል መጣ። ወፍራም የጨርቅ ቱቦ ነው፤ ሬዚን የሚባል ሙጫ መሰል ነገር ጠጥቷል። ሙቀት ካገኘው ስለሚጠነክር ነው በበረዶ የሚመጣው። ጫፉን ማንሆሉ አፍ ላይ አሰሩትና ውሃ ሞሉበት። የውሃው ክብደት ጨርቁን እየገለበጠ ወደ ፊት ገፋው። ካልሲ ከውስጥ ወደ ውጪ ስትገለብጡ እንደሚሆነው ነው። ሬዚን የጠጣው ፊት ከአሮጌው ብረት ጋር እየተጣበቀ 60 ሜትሩን ጨረሰ። ከዚያ ውሃውን በቦይለር እያሞቁ አዟዟሩት።

ሌሊቱን ሙሉ አልተኙም። መስኮቴን ስከፍት ፎርማኑ የእጅ ባትሪ ይዘው ሙቀቱን ደብተር ላይ ሲጽፉ አየኋቸው። ሲነጋ ደግሞ ውሃውን ቀስ አድርገው ነው ያቀዘቀዙት። በአንዴ ከቀዘቀዘ ገበሩ ይኮማተራል ብለውኛል።

ስለ ሽታው ልናገር። ሬዚኑ ውስጥ ስታይሪን የሚባል ነገር አለ፤ ሽታው ኃይለኛ ነው። አንድ ቀን ቀደም ብለው ቤት ለቤት እየዞሩ አስጠንቅቀውን ነበር። እኔ ብሆን ሦስት ቀን ቀደም ብዬ እናገር ነበር፤ ጨቅላ ልጅ ያላቸው ጎረቤቶች ሌላ ቦታ ለማደር ተቸግረዋል። ጀነሬተሩም ጆሮ ይበጣጥሳል። ቅሬታዬ ይሄ ብቻ ነው።

ግን ያንን ውሃ ምን እንዳደረጉት ስሙ። የጎርፍ ቱቦ እንደ ፍሳሽ መስመር ወደ ማጣሪያ አይሄድም። ቀጥታ ወንዝ ነው የሚገባው። ስታይሪን ደግሞ ለዓሣ መርዝ ነው። ስለዚህ የታችኛውን ጫፍ ቀድመው ደፍነውት ነበር። የሞቀውን ውሃ በሙሉ በቦቴ ጭነው ወሰዱት። ማታ ማታ ማንም ሳያይ ወደ ወንዙ መልቀቅ ይቻል ነበር። አላደረጉትም።

አንድ ጎረቤታችን ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ። «ገበር ሲገባበት ቱቦው ጠበበ ማለት ነው። ጎርፉን ይችለዋል?» አለ። ፎርማኑ በኖራ አስፋልቱ ላይ ጻፉለት። ገበሩ 15 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። 90 የነበረው 87 ይሆናል። በዚህ የሚቀንሰው ከ10 እጅ አንድ እጅ አይሞላም። በሌላ በኩል የግድግዳው ሻካራነት አለ። ኢንጂነሮች ሲያሰሉ ለሻካራነት ቁጥር ይሰጡታል፤ ለተሸበሸበ ብረት 0.024 ገደማ ይያዛል፤ ለለስላሳ ገበር የዚያ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች። ሻካራነቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚያልፈው ውሃ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጠቦም ከድሮው የበለጠ ያሳልፋል። ውሃው ፈጥኖ ስለሚወጣ ግን ወንዙ ዳር መውጫው ላይ ትላልቅ ድንጋይ ደረደሩ፤ አፈሩን እንዳይቦረቡረው።

የገበሩ ውፍረት የተሰላው አሮጌው ብረት ምንም አይሸከምም ተብሎ ነው። ይህንን ሌሎችም ብትጠይቁ ይጠቅማችኋል። የአፈሩንና የመኪናውን ክብደት ገበሩ ለብቻው መያዝ አለበት።

ሌላም አለ። ከእኛ በታች ባለው ክፍል 6 ሜትር ያህል ቱቦው ተጨፍልቋል። ያንንም ገበር አልብሶ ጨረስኩ ማለት ይቻል ነበር። ፎርማኑ ግን «ቅርጹ የተበላሸ ቱቦ በገበር አይድንም፤ ይሄ ይቆፈራል» ብለው በጽሁፍ አስታወቁ። ተቆፍሮ ተተካ። ሥራ ከእጃቸው እንደሚወጣ እያወቁ ነው ያሉት፤ ቁፋሮውን የሠራው ሌላ ቡድን ነው።

በመጨረሻ ከላይ ያለውን ባዶ አስፋልት አንስተው፣ አፈሩን በየ20 ሳንቲ ሜትሩ እየጠቀጠቁ ሞሉትና አለበሱት። አስፋልቱ ላይ አራት ምስማር መትተው ከፍታቸውን መዘገቡ። ከመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ በኋላ ሳንጠራቸው መጥተው ለኩ። ከሁለተኛውም በኋላ መጡ። ካሜራውንም እንደገና አስገብተው አሳዩን። ወለሉ ነጣ ብሎ፣ አንድም መጋጠሚያ ሳይኖረው ቀጥ ብሎ ይታያል። እማማ እስክሪኑን አይተው ዝም አሉ፣ ከዚያ ፎርማኑን ግንባራቸውን ሳሟቸው።

ሰፈራችሁ ውስጥ ደጋግሞ የሚሰምጥ መንገድ ካለ፣ ወይም ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ሆናችሁ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ሰው የምትፈልጉ ከሆነ፣ እኔ ያለማመንታት እነዚህን ሰዎች እጠቁማለሁ። ፎርማኑ ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ አልጻፍኩም። የምር የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛለሁ። ከጥገናው በፊትና በኋላ የተቀረጸው ቪዲዮም እኔ ጋ አለ፤ ለጠየቀኝ እልካለሁ።