ባቲ ገበያ ላይ ማንም ዋጋ ላልጠራላቸው አህዮች የደረሰልን ሰው

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ላመሰግን ነው። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሐይቅና በዙሪያው ሆናችሁ አህያ ያላችሁ ሰዎችም እንድታውቁት እፈልጋለሁ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። «ስሜን አትጻፊ» ብሎ ስለለመነኝ አልጽፍም። የባቲ የሰኞ ገበያ ሰዎች «የአህያ ሐኪሙ» ነው የሚሉት። እኔም እንደዚያው ልበለው።

ነገሩ የጀመረው በፍየል ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ አረፋ ሲቃረብ፣ እናቴ «ፍየል ከባቲ ነው የሚገዛ» ብላ ላከችኝ። ከኮምቦልቻ ባቲ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በደጋንና በገርባ በኩል ስትወርዱ ሙቀቱ እየጨመረ ይመጣል። አፋሩ ግመሉን ይዞ ከቆላው ይመጣል። ኦሮሞውና አማራው ከየመንደሩ እህሉን፣ ከብቱን፣ አህያውን ይዞ ይደርሳል። የሰኞውን ባቲ ያላየ ሰው ቢነግሩትም ሙሉ በሙሉ አይገባውም።

ፍየሏን ገዝቼ ስመለስ ገበያው እየተበተነ ነበር። ዳር ላይ አንዲት አህያ ቆማለች። አጠገቧ አንድ አዛውንት በትራቸውን ተደግፈዋል። ጀርባዋ ገጣባ ነው፤ ዝንብ ወሮታል። ሰኮናዋ ከማደጉ የተነሳ ጫፉ ወደ ላይ ተቀልብሷል። የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። ከጠዋት ጀምሮ ማንም ዋጋ አልጠራላትም።

«አባባ፣ ስንት ነው የሚሏት?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ለቆዳዋ ነው ልጄ?» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ከአህያ ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ሙጫ አለ። ቻይና ውስጥ ለባህል መድኃኒት ይፈለጋል። ቢሾፍቱ ላይ ተከፍቶ የነበረው የአህያ ቄራ በ2009 ዓ.ም. የተዘጋው ነዋሪው አልቀበልም ስላለ ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው አህያን ለቆዳዋ ማረድ ለ15 ዓመት እንዲቆም ተስማምተዋል። ወሬው ግን በየገበያው ቀርቷል። እኚህ አባት አህያቸው ለዚያ እንድትሄድባቸው አልፈለጉም።

«አይ አባባ፣ ላሳክማት ነው» አልኳቸው። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው።

«ሳር የለኝም ልጄ። ዛሬ ካልተሸጠች መንገድ ላይ እለቃታለሁ» አሉ። ሲናገሩ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አላነሱም። ክፉ ሰው አልነበሩም። አህያውን ሜዳ ላይ የሚለቅ ሰው ብዙ ጊዜ ክፉ ሆኖ አይደለም። ያለው ገለባ ለበሬው ካልበቃ ለአህያዋ ከየት ያምጣ? ግን የተለቀቀች የደከመች አህያ ሌሊቱን አትዘልቅም። ጅብ አለ። የሰጠኋቸው ገንዘብ የፍየሏን ሩብ አይሞላም። ተቀብለው ግንባሯን ዳበስ አደረጓትና ወደ ኋላ ሳይዞሩ ሄዱ።

ባዶውን ወደ ኮምቦልቻ የሚመለስ አይሱዙ ለምኜ ሁለቱንም ጫንኩ። እናቴ ከፍየሏ ኋላ አህያ ስትወርድ አይታ ዝም አለች። ከዚያ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ አንቺ ነሽ የምታስጥያት?» አለችኝ። እንዲህ ብላም ውሃ ቀድታ ያቀረበችላት እሷው ናት። እናቴ የአህያ ውለታ አለባት። በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ውሃ ሲጠፋ ሰፈራችን የጠጣው በጎረቤታችን አህያ ጀርባ የመጣውን ነው። ሁለት ቢጫ ጀሪካን በዚህ፣ ሁለት በዚያ። እናቴ ያንን አልረሳችውም።

መጀመሪያ የወሰድኳት ሌላ ቦታ ነው። ማን እንደሆነ አልናገርም። ከአጥር ውጭ ቆሞ አየት አደረጋትና አንድ መርፌ ወጋት። ብሩን ተቀበለ። «ለአህያ ይህን ያህል አትድከሚ» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ቁስሉ መሽተት ጀመረ። ሳሩን ደግሞ አፏ ውስጥ እያገላበጠች መልሳ ትጥለዋለች። እርጥብ ድቡልቡል የሳር ኳስ በየቦታው ይወድቃል። እኔ ጥጋብ መስሎኝ ነበር።

የአይሱዙው ሹፌር ነው የአህያ ሐኪሙን ስልክ የሰጠኝ። ስደውልለት የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ምግብ በልታለች ዛሬ?» አልበላችም ስለው «መጣሁ» አለ። በባጃጅ መጣ። በኋላ ለምን እንደቸኮለ አስረዳኝ። በሬ አንድ ቀን ባይበላ ያን ያህል አያስፈራም። አህያ ግን መብላት ካቆመች ሰውነቷ ያከማቸችውን ስብ አውጥቶ ወደ ደሟ ይለቀዋል። ጉበቷ ያንን አይችለውም። በሁለት በሦስት ቀን ልትሞት ትችላለች። ሌላ በሽታ ቢኖራትም ባይኖራትም። እባካችሁ ይህችን ነገር ያዙልኝ። አህያችሁ ከምግብ ከራቀች እስከ ነገ አትጠብቁ።

«ዶክተር፣ ትድናለች?» አልኩት።

«ዶክተር አይደለሁም እታለም፣ የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ» አለኝ። «አብሽሪ፣ መጀመሪያ ልያት።»

አያያዙን ልንገራችሁ። ቁስሉን ወዲያው አልነካም። ራቅ ብሎ ቆሞ አቋቋሟን፣ አተነፋፈሷን፣ ጆሮዋን አየ። አህያ ሕመሟን ትደብቃለች አለኝ። አታናፋም፣ አትንከባለልም፣ ዝም ብላ ጭንቅላቷን ትደፋለች። ሰው «ደህና ናት» ብሎ ይጭናታል። ከዚያ ቀስ ብሎ ተጠጋት። ብዙ ሰው አህያ ለመያዝ ጆሮዋን ይጠመዝዛል። እሱ አልጠመዘዘም። አንገቷን እያሻሸ፣ እያናገራት፣ አፏን ከፈተ። የባትሪ መብራት አስያዘኝና «ነይ እይው» አለኝ።

ጉንጯ ከውስጥ ተቆራርጧል። የአህያ ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ከድዷ እየወጣ፣ ሳር ስትፈጭበት ደግሞ እየተበላ የሚሄድ ነው። እኩል ካልተበላ የላይኛው መንጋጋ ውጭ ጠርዙ እንደ ቢላ ይሾላል። ባኘከች ቁጥር ጉንጯን ይቆርጣታል። ለካ ያቺ አህያ ሳር ፊቷ እያለ ተርባ ነበር። ባቲ ላይ «ከሲታ ናት፣ በሽተኛ ናት» ብሎ ሁሉም ያለፋት በጥርሷ ነው። ረጅም እጀታ ባለው ሞረድ ጠርዙን ሞረደላት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። በዚያው ምሽት ውሃ የተነከረ ፍሩሽካ በላች። እናቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ቁስሉን ከዚያ በኋላ ነው የያዘው። የሞተውን ሥጋ አነሳ። ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ አጠበው፤ ለ1 ሊትር 9 ግራም ያህል ጨው ነው። የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያም ወጋት። የጋማ ከብት በዚህ በሽታ በቀላሉ ይጠቃል፤ ትንሽ ቁስል ይበቃዋል። ፋንድያዋን ወስዶ ኮምቦልቻ ባለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አስመረመረ። የሆድ ትል መድኃኒቱን የሰጣት በግምት አይደለም። ደረቷን ዙሪያውን በሜትር ለክቶ ክብደቷን አስልቶ ነው። ሰኮናዋን ደግሞ በአንድ ቀን ሙልጭ አድርጎ አልቆረጠም። እግሯ እንዲለምድ ብሎ በሦስት ጊዜ፣ በየተወሰነ ሳምንቱ እየመጣ አስተካከለው። ሦስቱንም ጊዜ ባለው ቀን ነው የመጣው።

የከለከለንን ነገር እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም እኛም ልናደርገው ነበር። የተቃጠለ ዘይት ቁስል ላይ አይፈስም። የባትሪ ድንጋይ ዱቄት አይነሰነስም። በጋለ ብረት መተኮስ አያድንም፤ ሌላ ቁስል ይጨምራል። የዳነው ቦታ ላይ ፀጉር ካልበቀለ ጭነት አይነካትም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሰኞ ሰኞ ባቲ ላይ የሚያደርገው ነው። ጠዋት አህያና በቅሎ የሚታሰርበት ዳር ላይ ይቆማል። ማንም ሳይጠራው እየዞረ ጭነት ያያል። የማዳበሪያ ከረጢትና የናይሎን ገመድ ቆዳ ይልጣል እያለ ያሳያል። ከጭነቱ ስር ገለባ የታጨቀበት ሁለት የጨርቅ ትራስ፣ አንዱን ከአከርካሪው ግራ፣ አንዱን ቀኝ፣ መሃሉን ክፍት አድርጎ ያስራል። ሸክሙ አጥንቱ ላይ አያርፍም። ገጣባ የሚባለው ነገር ግማሹ በዚህች ትራስ ይቀራል ይላል። ዳውላ ማለት የአህያ ጭነት ነው፤ 100 ኪሎ ገደማ ነው። የሀገራችን አህያ አብዛኛዋ ራሷ ከዚያ ብዙም አትከብድም። ሰው ሲከራከረው አይቆጣም። «አባቴ፣ ግማሹን ጫንና ሁለቴ ተመላለስ። አህያህ አምስት ዓመት ትጨምርልሃለች» ይላል። አንዳንዱ ይሰማዋል፣ አንዳንዱ ይሄዳል። እሱ ሰኞ ተመልሶ ያው ቦታ ላይ ነው።

ሐቀኛ ነው። ባለፈው ክረምት ሌላ አህያ ገዝተን ነበር። ወንድ ነው፣ የፊት እግሩ የተሰበረ። እኔ ይድናል ብዬ ነበር። እሱ ዳበሰው፣ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፣ ከዚያ «እታለም፣ ይህን ባክምልሽ ብርሽን እበላለሁ እንጂ እሱን አላድነውም» አለኝ። ማስታገሻ ሰጠው። በማግስቱ እንዳይሠቃይ አድርጎ አሳረፈው። ያን ቀን የትራንስፖርት እንኳን አልተቀበለኝም። ተስፋ ሸጦልኝ ቢሆን ኖሮ እከፍለው ነበር። ያንን ያውቃል።

አሁን እኔና ሁለት ጎረቤቶቼ ሆነን ዘጠኝ አህዮች ከገበያ ዳር አንስተናል። ሁለቱ ሞቱብን። አራቱ አገግመው ውሃ ቀድተው ለሚሸጡ እናቶች ሄደዋል፤ ትራሱን አስይዘን፣ ቀላል ጭነት ብቻ ሊጭኑ ቃል አስገብተን። ሦስቱ አርጅተዋልና እኛው ዘንድ ናቸው። የባቲዋ አንደኛዋ ናት። ጠዋት የበሩን ድምፅ ስትሰማ ታናፋለች። ሰፈሩ በእሷ ነው የሚነቃው።

ዓለም ላይ እንደ ኢትዮጵያ ብዙ አህያ ያለው ሀገር የለም። ለአህያ ብሎ ከቤቱ የሚወጣ ባለሙያ ግን ስንት አለን? ደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ህክምና የምትማሩ ልጆች፣ ይህን ካያችሁ አንድ ሰኞ አብራችሁት ዋሉ። ደስ ይለዋል፤ ጠይቄዋለሁ።

ወንድሜ፣ አላህ ይስጥልኝ። ጀዛከላሁ ኸይር። እናቴ በየሶላቷ ዱዓ ታደርግልሃለች። ክርስቲያን ጎረቤታችንም ለእመቤታችን ነግራልሃለች።

ለምትፈልጉት፤ ሰኞ እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ባቲ ከብት ገበያ፣ አህያና በቅሎ የሚታሰርበት ዳር ላይ አለ። «የአህያ ሐኪሙ» ብላችሁ ጠይቁ፣ ልጆቹ ሳይቀሩ ያሳዩዋችኋል። በሌላው ቀን ኮምቦልቻ ነው፤ ለሚያስፈልጋችሁ ስልኩን በውስጥ መስመር እሰጣለሁ፣ ፈቅዶልኛል። ዋጋውን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይናገራል። መድኃኒቱን ለብቻ፣ ድካሙን ለብቻ ይነግራችኋል። ስትደውሉ አህያችሁ ዛሬ በልታ እንደሆነና ፋንድያዋ ምን እንደሚመስል አይታችሁ ደውሉ፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ይዛችሁ የምትመጡበትም ገመድ የጥጥ ይሁን።