እናታችሁን ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያንና የሕሙማን መንከባከቢያ) ልታስገቡ ከሆነ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡ

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ይህን የምጽፈው እኔ የገባሁበት ጣጣ ውስጥ ሌላ ሰው እንዳይገባ ነው።

አምና በበረዶው ወቅት እማዬ ደጃፍ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ሆስፒታል ገብታ ኦፕራሲዮን ተደረገች። በአምስተኛው ቀን ሶሻል ወርከሯ መጣችና «ነገ ትወጣለች፣ ከእነዚህ ነርሲንግ ሆሞች አንዱን ምረጡ» ብላ ዝርዝር ሰጠችን። አንድ ቀን ብቻ! እኔና እህቴ ለቤታችን የሚቀርበውን መረጥን። መግቢያው ላይ ፒያኖ አለ፣ አበባ አለ፣ ሰዎቹም ትሁት ናቸው። በቃ፣ ይሄ ጥሩ ነው አልን።

ወረቀቱን የምታስፈርመው ሴት ታብሌት ይዛ መጣች። «እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ፣ እዚህም ጋ» እያለች በጣቴ አስፈረመችኝ። እማዬ አጠገቤ በሕመም ታቃስታለች። በዚያ ሰዓት ማን ያነባል? አንዱ ቦታ ላይ «ሪስፖንሲብል ፓርቲ» (ኃላፊነት ያለበት ወገን) ይላል። አንድ ነገር ቢፈጠር የሚደወልለት ሰው ማለት መስሎኝ ፈረምኩ።

አራት ወር ሊሞላ ሲል የ31 ሺህ ዶላር ቢል መጣ። የተጻፈው በእማዬ ስም ሳይሆን በእኔ ስም ነው። ቀጥሎ የጠበቃ ደብዳቤ ደረሰኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙዎቻችን ሜዲኬር፣ ማለትም የአዛውንቶች የመንግሥት ጤና መድን፣ ነርሲንግ ሆምን ይሸፍናል ብለን እናስባለን። የሚሸፍነው ለአጭር ጊዜ ማገገሚያ ነው። መደበኛው ሜዲኬር የመጀመሪያዎቹን 20 ቀናት ሙሉ በሙሉ ይከፍላል። ከ21ኛው እስከ 100ኛው ቀን ድረስ ታማሚዋ በቀን ከ200 ዶላር በላይ ትጨምራለች። እሱም የባለሙያ ነርስ ሕክምና ወይም ፊዚዮቴራፒ የሚያስፈልጋት እስከሆነ ድረስ ነው። ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ ቢያንስ 3 ቀን ተኝታ መታከም አለባት። «ለክትትል ነው የያዝናት» ከተባለ አልጋ ላይ ብታድርም አይቆጠርላትም፤ ስለዚህ ሆስፒታል እያለች ጠይቁ።

የእማዬ ሽፋን በ45ኛው ቀን ተቋረጠ። ሽፋኑ ሊቆም ሁለት ቀን ሲቀረው ማስታወቂያ ሰጥተውን ነበር። ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ እኛ ግን ፈርመን አስቀመጥነው። ከዚያ በኋላ በቀን 400 ዶላር መቁጠር ጀመረ።

ሜዲኬድ፣ ማለትም አቅም ለሌላቸው የሚሰጠውን የመንግሥት መድን፣ ስንጠይቅ ደግሞ የ5 ዓመት የባንክ ወረቀት አምጡ ተባልን። እማዬ ለብዙ ዓመት ሆቴል አጽድታ ያጠራቀመችውን አገር ቤት ለወንድሟ ቤት መሥሪያ ልካ ነበር። ለእኛ ይሄ ወግ ነው። ለሜዲኬድ ግን ያለ ምትክ የተሰጠ ንብረት ነው፣ ሽፋኑን ያዘገያል። ወላጆቻችሁ ገንዘብ የሚልኩ ከሆነ ይህን ዛሬውኑ እወቁት። ወላጆቻችሁን በግሪን ካርድ ያመጣችሁ ደግሞ፣ ለሜዲኬርም ሆነ በአብዛኛው ለሜዲኬድ 5 ዓመት መጠበቅ እንዳለ አትርሱ።

እህቴ በስንት ፍለጋ ለአዛውንቶች በነፃ የምትሠራ ጠበቃ አገኘች። ጠበቃዋ ውሉን አይታ ራሷን ነቀነቀች። በፈረንጆቹ 1987 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ። ከሜዲኬር ወይም ከሜዲኬድ ገንዘብ የሚቀበል ነርሲንግ ሆም፣ ሰው ለማስገባትም ሆነ ለማቆየት ሌላ ሰው በግሉ ዋስ እንዲሆን ማስገደድ አይችልም። ውክልና ካላችሁ፣ ከእናታችሁ ገንዘብ ላይ እንድትከፍሉ ሊያስፈርሟችሁ ይችላሉ። ከራሳችሁ ኪስ ግን አይደለም። ስለዚህ ስትፈርሙ የእሷን ስም ጻፉ፣ ከሥሩ የእናንተን ስም አድርጋችሁ ተወካይ መሆናችሁን ግለጹ። «በግሌ እከፍላለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ካያችሁ ሰርዙት። ወረቀቱን ወደ ቤት ልውሰድና ላንብበው ማለትም ነውር አይደለም።

ጠበቃዋ ደብዳቤ ጻፈችላቸው፣ እኔን መጠየቅ አቆሙ። አራት ወር ሙሉ ግን እንቅልፍ አልነበረኝም።

ስለ ምርጫው ካነሳን አይቀር፣ ሜዲኬር «ኬር ኮምፔር» የሚባል ድረ ገጽ አለው። የየነርሲንግ ሆሙን የጥራት ደረጃ በኮከብ፣ የሠራተኛ ብዛትና የተቆጣጣሪዎችን ሪፖርት ያሳያል። ኮከቡን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት፣ ሪፖርቱን አንብቡ። እኔ ያነበብኩት እማዬ ከገባች በኋላ ነው፤ ጥሪ ሲደወል ቶሎ የሚመጣ ሰው የለም የሚለው እዚያው ተጽፎ ነበር። ቅዳሜ ወይም እሑድ ማታ ሳትነግሯቸው ሂዱ። እራት ሲቀርብ እዩ። ለማትጾሙት ግድ ላይሰጣችሁ ይችላል፣ ለእማዬ ግን ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ከፊቷ መቀመጡ ከሕመሙ በላይ ነበር። አስቀድማችሁ ጠይቁ።

መኖሪያ ቤት ውስጥ የሚሠሩት ትንንሽ አሲስትድ ሊቪንጎች (አዛውንቶች በዕለት ተዕለት ኑሯቸው እየታገዙ የሚኖሩባቸው ቤቶች) ሌላ ነገር ናቸው። ኬር ኮምፔር ላይ አታገኟቸውም፣ ይህ የ1987 ሕግም አይመለከታቸውም። ፈቃዳቸውን የሚሰጠው ስቴቱ ነው፤ እዚያ አጣሩ። «በነፃ ቤት እናገኝላችኋለን» የሚሉት አገናኞችም አብዛኛውን ጊዜ ኮሚሽናቸውን የሚቀበሉት ከቤቱ ነው።

አሁን ችግር ላይ ያላችሁ ካላችሁ፣ እያንዳንዱ ስቴት የነርሲንግ ሆም ነዋሪዎችን ቅሬታ የሚሰማ ኦምቡድስማን አለው። አገልግሎቱ በነፃ ነው፣ ስልኩም ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት። ከፈረማችኋቸው ወረቀቶች መካከል «አርቢትሬሽን» (ክርክሩ በግልግል ዳኛ ይታይ) የሚል ካለ ደግሞ ፍርድ ቤት የመሄድ መብታችሁን ያስቀራል። ነርሲንግ ሆም ከሆነ በ30 ቀን ውስጥ መሰረዝ ትችላላችሁ። የፈረማችሁበትን ቀን ቁጠሩ።