ሪቨርስ አላት የተባልኩላት ቶርኖ፦ ከ15 ወር በኋላ

ቶርኖዋን፣ ብረት እያዞረች የምትልጠውን ማሽን፣ የሸጠልኝ ነጋዴ አልዋሸኝም። አንድ ዓመት ሙሉ በየሰው ፊት ስሙን ሳነሳ ስጥል ስለከረምኩ ይህን አስቀድሜ ልናገር። "ሪቨርስ አላት?" ብዬ ጠየቅኩት። "አላት እንጂ ወንድሜ!" አለና ማብሪያዋን ወደ ግራ ጠመዘዘ። ብረቱን ነክሶ የሚያዞረው ቻክ ወደ ኋላ ዞረ፣ ቢላ የሚሸከመው ካሬጅም ወደ ቀኝ ሸሸ። እኔም ራሴን ነቅንቄ ከፈልኩ።

የገዛኋት ግንቦት 2016 ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከመለቀቁ ሁለት ወር ቀደም ብሎ። ስለዚህ የከፈልኩትን ብነግራችሁ አሁን ለሚገዛ አይጠቅምም፣ እኔንም ያስቀናኛል። ለሁለት ሰው የማትከብድ ትንሽ የጠረጴዛ ቶርኖ ናት፤ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ጀርባ ተጭና አዳማ ገባች። ቡሽ፣ ፒን፣ ራንዴላ፣ የተበላ ዘንግ መላጥ፣ ይህን ሁሉ ትሠራለች፤ ስለሱ የምለው የለኝም።

ነገሩ የመጣው በሰፈራችን አናጺ ነው። የክብ መጋዙ ዘንግ ጫፉ ተበልቶ አዲስ እንድሠራለት አመጣው። "አንተ ልጅ፣ ዳዶዋ በግራ ነው የምትጠብቀው፣ እንዳትሳሳት" አለኝ። መጋዙ ሲዞር ዳዶው እየጠበቀ እንጂ እየላላ እንዳይሄድ ዘንጉ ጫፍ ላይ የግራ ጥርስ (ዳዶው ወደ ግራ ሲዞር የሚጠብቅበት ጠመዝማዛ) ነው የሚያስፈልገው፤ 16 ሚሊ ውፍረት፣ በየ2 ሚሊው አንድ ጥርስ። "ጋሼ፣ ይሄማ ምን አላት፣ ሪቨርስ አላት እኮ" አልኩት። ይህችን ቃል ባልተናገርኳት።

ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ጀመርኩ። ቢላውን ገልብጬ አሰርኩ፣ ሞተሩን ወደ ኋላ አዞርኩ፣ ካሬጁ ከቻኩ እየራቀ ወደ ቀኝ ሄደ። ልብ የሚያሳርፍ አሠራር ነው፤ ቢላው ሥራውን ሲጨርስ አየር ላይ ይወጣል እንጂ ቻኩን አይገጭም። በየዙሩ አንድ አስረኛ ሚሊ እያስገባሁ፣ ዘይት ጠብ ጠብ እያደረግሁ፣ በሕይወቴ ካወጣሁት ሁሉ ያማረ ጥርስ ወጣ። በብሩሽ አጸዳሁት። የአናጺውን ዳዶ አንስቼ ወደ ግራ ባዞረው አልነክስ አለ። ጫፉን በሞረድ ነካ አድርጌ ደግሜ ሞከርኩ፤ እምቢ። ከመሳቢያዬ አንድ ተራ የቀኝ ዳዶ አወጣሁና እንዲያው ለነገሩ ብዬ ጣል ባደርገው፣ በጣቴ ብቻ እየተሽከረከረ እስከ ጥጉ ገባ። እንደ ቅቤ! የቀኝ ጥርስ ነው የቆረጥኩት።

እዚያው በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ነገሩን ስታስቡት ቀላል ነው፤ እኔ ሳላስበው ነው የገዛሁት። ጥርስ ቀኝ ወይም ግራ የሚሆነው ካሬጁ ወዴት ሄደ በሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ቻኩ ወዲህ ሲዞር ካሬጁ ወዴት ሄደ በሚለው ነው። የሞተሩን ማብሪያ ስትገለብጡ ቻኩም፣ ካሬጁን የሚነዳው ረጅም ብሎን ማለትም ሊድ ስክሩም፣ አብረው ይገለበጣሉ። ሁለቱም ስለተገለበጡ የተለወጠ ነገር የለም። ትልልቆቹ ቶርኖዎች ቻኩ እንዳለ እየዞረ ሊድ ስክሩን ብቻ የሚገለብጥ ማንሻ አላቸው፤ ከትንንሾቹም ያላቸው አሉ። የኔዋ የላትም። ከከተማው ዳር ኮረብታው ላይ ያሉት የንፋስ ተርባይኖች እንኳ ንፋሱ ሲለወጥ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ የኔዋ በዚያ ሁሉ ብር ፊቷ አንድ ነው።

መፍትሔው በግራ በኩል ካለው ክዳን ሥር ነው። ሁለት ጊሮች ሲነካኩ በተቃራኒ ይዞራሉ። በኔዋ ከቻኩ ዘንግ ጊር ወደ መሀለኛው አንድ ንክኪ፣ ከመሀለኛው ወደ ሊድ ስክሩ ሌላ ንክኪ፤ በሁለት ንክኪ ጫፍና ጫፉ ባንድ አቅጣጫ ይዞራሉ። አንድ ጊር ጣልቃ ብትጨምሩ ንክኪው ሦስት ይሆንና ሊድ ስክሩ ይገለበጣል። የጨመራችሁት ጊር ባለ ስንት ጥርስ ይሁን ግድ የለም፣ ፍጥነቱን አይነካም። የሊድ ስክሩ እርምጃ (በአንድ ዙር ካሬጁን የሚነዳበት ርቀት) 1.5 ሚሊ ነው፤ 2 ሚሊ ለማውጣት ላይ በቻኩ ዘንግ 40፣ ታች በሊድ ስክሩ 30 ጥርስ ትጭናላችሁ፤ 1.5 ሲባዛ በ40 ሲካፈል ለ30፣ ልክ 2 ይመጣል። መሀል ላይ ያሉት መልእክተኞች ናቸው።

ወረቀት ላይ በአሥር ደቂቃ አለቀ። ብረት ላይ ሁለት ወር ፈጀ።

ጊሮቹን የሚሸከመው ባለ ስንጥቅ ክንድ ለሦስተኛ ጊር ቦታ የለውም። ከ3 ሚሊ ላሜራ ማራዘሚያ ቆርጬ አሰርኩለት። ባዶውን ሲዞር ያምራል፤ ካሬጁ ወደ ቀኝ ሲሄድ ሳይ እልል ማለት ነበር የቀረኝ። ቢላው ብረት ሲነክስ ግን ላሜራዋ ትታጠፋለች፣ ጊሮቹ ይራራቃሉ፣ ጥርስ በጥርስ ላይ ይወጣል። ጠጠጠጠ ሲል ሰማሁ፤ አብረዋት ከመጡት የፕላስቲክ ጊሮች አንዱ ሦስት ጥርሱን ተፋ። ነጋዴውን የሰደብኩት ያን ዕለት ነው። ጥፋቱ የላሜራዋ እንደሆነ እያወቅሁ።

ከተማችን ውስጥ የጊር ጥርስ የሚያወጣ ፍሬዛ ማሽን ያላቸው አንድ ሽማግሌ ባለሙያ አሉ። የተሰበረውን አሳየኋቸው። "ይሄማ የልጅ መጫወቻ ነው፤ ብረት አምጣና ልቁረጥልህ" አሉኝ። 40 ጥርስ፣ ሞጁል (የጥርሱ መጠን መለኪያ) 1፤ ስለዚህ የውጭ ዲያሜትሩ 42 ሚሊ ነው። ድፍኑን እኔው በቶርኖዋ ላጥኩ፣ ጥርሱን እሳቸው አወጡ። ማራዘሚያውን ደግሞ ላሜራውን ጥዬ በ10 ሚሊ ጠፍጣፋ ብረት ሠራሁት፤ ስንጥቁን በትራፓኖ ደርድሬ በስቼ በሞረድ አገናኘሁ፣ ክንዴ ሦስት ቀን አመመኝ።

አንድ ነገር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጊሮችን ስትገጥሙ መሀላቸው ከደብተር የተቀደደ ወረቀት አስገቡ፣ ጫን አድርጋችሁ ብሎኑን እሰሩ፣ ከዚያ በእጃችሁ አዙራችሁ ወረቀቱን አውጡ። ወረቀቱ ተሸብሽቦ ሳይቀደድ ከወጣ ክፍተቱ ልክ ነው። ከተቀደደ ጠብቋል፤ ማሽኗም ታጉረመርማለች።

የአናጺው ዘንግ ሁለተኛ ሙከራ እንዲህ ሆነ። ከቻኩ ዘንድ ለቢላው መነሻ የምትሆን ቦይ አወጣሁ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ እየቆረጥኩ ሄድኩ። አንድ ዙር ሲያልቅ ቢላውን ወደ ኋላ ስቤ፣ ካሬጁን ከሊድ ስክሩ ሳላላቅቅ (ካላቀቃችሁ ቢላው ያንኑ ጥርስ ላያገኘው ይችላል)፣ ወደ መነሻዬ የመለሰኝ ምን መሰላችሁ? የነጋዴው ማብሪያ። ያችው "አላት እንጂ ወንድሜ"። ሃያ ጊዜ ገደማ ጠመዘዝኳት። ቻኩም በብሎን የታሰረ እንጂ በጥርስ የተጠመዘዘ ስላልሆነ ወደ ኋላ ስትዞር ይፈታ ይሆን የሚል ስጋት የለብኝም። ዳዶው ወደ ግራ ሲዞር ነከሰ፣ ገባ። አናጺው ሁለት ጊዜ አስገብቶ አወጣውና "ታዲያ ይሄ ነው ሁለት ወር?" አለኝ።

እንግዲህ ትገዛለች ወይስ አትገዛም? ባለፈው ክረምት ብትጠይቁኝ በኪሎ ሂሳብ ለቁርጥራጭ ብረት እሸጥላችሁ ነበር። ዛሬ ማንም እንዲነካት አልፈልግም። ነጋዴው ፊቴ ቢቆም ግን የምለው አለኝ፦ "ወንድሜ፣ ሞተሩ ሪቨርስ እንዳለው ማንም ያያል፤ እኔ የጠየቅኩህ ስለ ካሬጁ ነበር።" እሱም "ታዲያ እንደዚያ ብለህ ጠይቃ!" ይለኛል፤ መልስ የለኝም። እናንተ ስትገዙ "ቻኩ ወደ ፊት እየዞረ ካሬጁ ወደ ቀኝ ይሄዳል?" በሉ፣ በዓይናችሁም እዩ። አይሄድም ከተባላችሁና የግራ ጥርስ የማትቆርጡ ከሆነ ግድ የለም፣ ውሰዷት።

ያልጨረስኩት ክዳኑን ነው። ማራዘሚያዬ በሁለት ጣት ያህል ስለወጣ አይዘጋም፤ የአዳማ ንፋስ ደግሞ አቧራውን እያመጣ ግራሶው ላይ ይለጥፋል። ከአሮጌ የዘይት ጣሳ ሽፋን ቆርጬ ልገጥምለት ነው። እስከዚያ ድረስ የሸሚዜን እጅጌ ጠቅልዬ ነው የምሠራው፤ ልጄንም በዚያ በኩል እንዳትቆም ብያታለሁ።