ልብን መክፈትና ጣዖት ማምለክ፦ ጳውሎስ በአቴና

ሐዋርያው ጳውሎስ አቴና ሲደርስ ከተማዋ በጣዖት ተሞልታ አየ። መንፈሱም ተበሳጨ። ግን ምስሎቹን አልሰበረም። የከተማዋ ሸንጎ በሚሰበሰብበት በአርዮስፋጎስ ቆሞ፣ «ለማይታወቅ አምላክ» የሚል የተጻፈበትን መሠዊያ የንግግሩ መነሻ አደረገው። የግሪክ ባለቅኔዎችንም ቃል ጠቀሰ። ልብን መክፈት ለእኔ ይኸው ነው፦ የሌላውን ሰው ጥማት በአክብሮት ማየት፣ እውነት የሆነ ቃል ከየትም ቢመጣ አለመናቅ።

ጣዖት አምልኮ ግን ሌላ ነው። በዚያው ንግግር ጳውሎስ አምላክ በሰው እጅ የተቀረጸ ወርቅን፣ ብርን ወይም ድንጋይን አይመስልም ብሎ ቁርጥ አድርጎ ተናገረ። ለመሠዊያው አልሰገደም። ስለ ትንሣኤ ሲናገርም አንዳንዶቹ አፌዙበት፤ «ሁሉም ያው ነው» ብሎ ቢያልፍ ኖሮ ማንም ባላፌዘበት ነበር። ይህን ነገር አንዳንዶቻችን እንዘነጋዋለን፤ ከሌላ እምነት ሰው ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ሃይማኖትን መካድ አይደለም።

የነሐሱን እባብም ተመልከቱ። ሙሴ የሠራው በእግዚአብሔር ትእዛዝ ነው፤ በእባብ የተነደፉት እያዩት ዳኑ። ከዘመናት በኋላ ግን እስራኤል ያጥኑለት ጀመር። ንጉሡ ሕዝቅያስም ሰባበረው። ዕቃው ያው ነበር፤ ሰዎቹ የሰጡት ቦታ ግን ተለወጠ።

ቆላስይስ 3፥5 ደግሞ መጎምጀትን ራሱን ጣዖት ማምለክ ይለዋል። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የማይቀር ሰውም ለገንዘቡ ሊሰግድ ይችላልና።